ሮባ ብቻውን አይቆምም

«ነፍስ ይማር። እንግዲህ ጉዳዩም አብሮ ተዘጋ ማለት ነው።»

ኃላፊያችን ይህን ያለው ሻዩን እያማሰለ ነው። የአዴ ሩቂያን ማረፍ የነገርኩት እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ የሰማሁት ጠዋት ከዘበኛችን ከአብደላ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝና፣ «የድንጋዩ ባለቤት፣ አዴ ሩቂያ፣ ትናንት ወደ አኼራ ሄዱ። ማምሻውን ቀበሯቸው» አለኝ። ሁለታችንም ዞረን ግቢው መሀል የቆመውን ድንጋይ አየነው። ዜናውን ለአንድ ሰው ካልነገርኩ የምፈነዳ መሰለኝ፤ መስማት ይገባዋል ወዳልኩት ሰው ሮጥኩ። ምነው ያን ጊዜ እግሬን በሰበረው!

የኃላፊያችንን ስም አልጽፍም። አንቱ እያልኩም አልጽፍለትም። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እንጀራዬ ነውና፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን ማንም አያስገድደኝም። ጉዳዩ ተዘጋ አለ። አንዲት ሴት እስክትሞት ጠብቆ ተዘጋ የሚባል ጉዳይ ምን ዓይነት ጉዳይ ነው? እስቲ ጉዳዩን ከነሴትየዋ ልንገራችሁ፤ ሴትየዋን ትቼ ጉዳዩን ብቻ ማውራት አይሆንልኝም።

አዴ ሩቂያ የቡርቃ ዲማ ሰው ናቸው፤ አዴ እዚህ አገር እናት እንደማለት ነው። ቡርቃ ዲማ ከጎበሳ ከፍ ብሎ፣ ገብስ ብቻ በሚወድደው ብርድ ውስጥ ያለች አሮጌ መንደር ናት። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚብስ ነበር። ከብት የሞላበት ቤት እመቤት ስለሆኑ ማዘዝ እንጂ መለመን አያውቁበትም። አማርኛቸውን ገበያ ላይ ነው የለመዱት፤ ሲናደዱ ግን ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። ከሁሉ የሚቀድመው «ሂንተኡ!» ነው፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። ያችን ቃል ሲናገሯት በዱላቸው ጫፍ መሬቱን መታ ያደርጋሉ። እኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ መጥቼ አሰላ ስኖር ኦሮምኛ መልመድ የጀመርኩት በዚህች ቃል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን የባህልና ቱሪዝም ቢሯችን ግቢ የሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ድንጋይ ይነጠፋል፣ አበባ ይተከላል፣ አጥሩ ቀለም ይቀባል። ኃላፊያችን ደግሞ «ግቢው የታሪክ ሽታ ይኑረው» ብሎ ከየወረዳው ቅርስ የሚባል ነገር እንዲሰበሰብ አዞ ነበር። በዚህ መሀል አንድ አይሱዙ ገባ። ጭነቱ ላይ በፍራሽ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ረጅም ድንጋይ ተጋድሟል። የጋቢናው በር ሲከፈት መጀመሪያ ቀጭን ዱላ ወጣ። ቀጥሎ የላስቲክ ጫማ ያደረገ እግር። ቀጥሎ አዴ ሩቂያ።

«አባቴን ያስሰረቀው ሰው የቱ ነው?» አሉ ገና መሬት ሳይረግጡ።

ሾፌሩ ተሾመ የሚባል የወልዲያ ልጅ ነው። ግራ ገብቶት አጠገቤ ቆሞ የሆነውን ነገረኝ። ድንጋዩን እንዲያመጣ መጀመሪያ የታዘዘው የኢተያ ልጅ የሆነ ሌላ ሾፌር ነበር። ያ ልጅ ድንጋዩን አስጭኖ ሊነሣ ሲል አዴ ሩቂያ መንገዱ መሀል ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ቁልፉን ለጫኙ ሰጥቶ በእግሩ ወደ ጎበሳ ሄደ። በማግሥቱ ተሾመ ተላከ። አሮጊቷ እንደገና መንገዱ ላይ ቆመው አገኛቸው። ተሾመ አርሲን አያውቅም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ማዘር፣ ሊፍት ነው የፈለጉት? ይግቡ፣ ብርድ ነው» አላቸው።

አዴ ሩቂያ ልጁን አዩት፣ ጭነቱን አዩት፣ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ወጥተው ጋቢና ተቀመጡ። ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው እስከ አሰላ መጡ። «ቆይ፣ ምን አጥፍቼ ነው ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያየኝ?» አለኝ ተሾመ። እውነትም የግቢው ሠራተኛ፣ የአርሲ ልጅ የሆነው ሁሉ፣ ሥራውን ጥሎ ያችን ዱላ ያያል።

ሲንቄ ናት። እዚህ አገር እናት ልጇን ስትድር ከቤቷ ስትወጣ በእጇ የምታስይዛት ዱላ ናት፤ ለመምቻ አትሆንም፣ ቀጭን ናት። ሴት ሲንቄዋን ይዛ በሰውና በነገሩ መሀል ከቆመች ግን ወንድ አያልፋትም። ተበድላ ሲንቄ ይዛ ከቤቷ ከወጣች ደግሞ በደሏ ሳይካስ ተመልሳ አትገባም፤ ጎረቤቶቿም የራሳቸውን ይዘው ይከተሏታል። አዴ ሩቂያ ሊፍቱን የተቀበሉት ለዚህ ነው። አባታቸውን ማስቆም ቢያቅታቸው አብረውት መጡ።

አባቴ የሚሉት ድንጋዩን ነው። ፍራሹ ሲፈታ ግቢው ውስጥ ያለነው ሁላችን ተጠጋን። ቁመቱ ከሰው በላይ ነው። ግንባሩ ላይ ፈረሰኛ ተቀርጿል፤ በአንድ እጁ ጦር፣ በሌላው ጋሻ። ከሥሩ ቀንዳቸው የረዘመ ከብቶች ተሰልፈዋል። ቀዩና ሰማያዊው ቀለም በዝናብ ደብዝዞ ገና አልለቀቀም። የአዴ ሩቂያ አባት የሮባ የመቃብር ድንጋይ ነው። ኃላፊያችን እጁን አፋተገና፣ «ይህን ነው የምፈልገው!» አለ።

አዴ ሩቂያ ወደ ቢሮው ሲገቡ የኃላፊው ኦሮምኛ ሰላምታ ስለማያልፍ እንዲያስተረጉም አብደላ ተጠራ፤ እኔም ማስታወሻ ልይዝ ገባሁ። ማስተርጎም አላስፈለገም፤ ሁሉንም በአማርኛ ነው የለቀቁበት።

«እናቴ፣ ይህ ቅርስ እኮ የሁላችንም ነው» አለ ኃላፊው።

«የሁላችን ከሆነ የኔም ነው። የኔን ወደ ቦታው መልስ፣ ያንተን ፎቶ አንሣው።»

«እዚያ ሜዳ ላይ ዝናብና ፀሐይ ይጎዳዋል። እዚህ ጥበቃ ይደረግለታል።»

አዴ ሩቂያ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። «እዚህ የሚዘንበው ምንድን ነው? ማር ነው?»

«እሺ፣ ማመልከቻ ያስገቡና በሂደት ይታያል።»

«እናንተ አባቴን ስትወስዱ ለኔ ማመልከቻ አስገብታችኋል?»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሳቄን ደብቄ ነው።

ከዚያ ወጥተው ድንጋዩ ሥር ተቀመጡ። አልሄዱም። በማግሥቱ ከጎበሳ ዘመዶቻቸው ሲንቄ ሲንቄያቸውን ይዘው ወረዱ። ቀጥሎ ከዲክሲስ መጡ፤ ቀጥሎ የአሰላ ሴቶች፣ ነጋዴዋም የቢሮ ሠራተኛዋም፣ ከሥራ ሲወጡ እየመጡ ይቀመጡ ጀመር። ጥሬ ይቆረጥማሉ፣ ያወራሉ፣ ይዘፍናሉ። ኃላፊያችን መስኮቱን ይዘጋል። እኔ በምሳ ሰዓት አጠገባቸው መቀመጥ ለመድኩ፤ ታሪኩን የሰማሁት ያኔ ነው።

ቡርቃ ዲማ ከመንደሩ በላይ ትልቅ የመቃብር ሜዳ አላት። ከምንጯና ከጥድ ምሰሶው መስጊድ ሌላ ያላት ሀብት ይኸው ነው። ድንጋዮቹ ዝም ብለው የተተከሉ አይደሉም። ወንድማማቾች ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ባልና ሚስት ይተያያሉ። ተጣልቶ ሳይታረቅ የሞተ ሰው ደግሞ ለብቻው፣ ከሌሎቹ ራቅ ተደርጎ ይተከላል። መንደሩ የተጻፈ ታሪክ የለውም፤ ልጆች ማን ከማን እንደተዛመደ፣ ማን ከማን ደም እንደተቃባ የሚማሩት በዚያ ሜዳ ላይ እየዞሩ ነው።

የሮባ ድንጋይ ቃበቶ ከሚባል ሰው ድንጋይ ጋር ተነካክቶ ነበር የቆመው። ቃበቶ በወጣትነቱ በግጦሽ ጠብ የሮባን ታናሽ ወንድም ገድሏል። ሽማግሌ ገባ፣ የደሙ ካሳ ጉማ ተከፈለ፣ ሁለቱ ቤቶች ታረቁ። ዕርቁ እንዲጸና ሮባ ልጁን ሩቂያን ለቃበቶ ልጅ ዳረ። ሁለቱ ሽማግሎች ሲሞቱ ድንጋዮቻቸው ትከሻ ለትከሻ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲያ በሁለቱ ዘር መሀል ጠብ በተነሣ ቁጥር ሰዎቹን ወስደው እዚያ ፊት ያቆሟቸዋል፣ ነገሩም ይበርዳል። የእኛ ሰዎች መጥተው የሮባን ነቀሉ፤ ፈረስ አለዋ! የቃበቶ ሥዕል የለውም፣ መሀሉም ተሰንጥቋል፤ ተዉት።

«አንዱ አባቴ ነው፣ አንዱ አማቴ ነው» አሉኝ አዴ ሩቂያ። «አባቴ ብቻውን ከቆመ ሰው ምን ይላል? ሳይታረቅ ሞተ ይላል። አለቃሽ ድንጋይ ብቻ አይደለም የሰረቀው። አባቴን ስሙን ነው ያጠፋው።»

ገብቼ ይህን ለኃላፊው አስረዳሁት። «ጥሩ መረጃ ነው፣ ብሮሹሩ ላይ ይገባል» አለኝ።

የእንግዶቹ ቀን ሲቃረብ ግን ፈራ። ሴቶች የተቀመጡበት ግቢ ለፎቶ አይመችም። ወጥቶ ፊታቸው ቆመና፣ ድንጋዩ እንግዶቹ እንደሄዱ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ቃል ገባ። በደሉን ያመነ ሰው ቃል ሲሰጥ ሲንቄ የያዙ ሴቶች ይመርቁታል፤ ወጉ ነው፣ ነገሩ የሚያልቀው በምርቃት ነው። ተነሥተው ቆሙና መረቁት። ቤትህ ይሙላ፣ ልጆችህ ይደጉ፣ ዝናብህ በጊዜው ይዝነብ። አዴ ሩቂያም መረቁ፤ ድምፃቸው ያኔ ብቻ ለስልሶ ሰማሁት። እያረፉ እያረፉ ወደ መናኸሪያው ሲሄዱ ከኋላቸው አየኋቸው።

እንግዶቹ መጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። ድንጋዩ ሥሩ በሲሚንቶ ተሞላ። «ቃል ገብተው ነበር እኮ» ስለው ገረመው! «ምን ነካሽ፣ መረቁን እኮ! ባይፈቅዱ ይመርቁን ነበር?» አለኝ። በሙሉ ልቡ ነው የሚናገረው። ሲዋሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቀሪዎቹን ድንጋዮች ፎቶ እንዳነሣ ቡርቃ ዲማ የተላክሁት በዚያ ሰሞን ነው። የሮባ ቦታ ጉድጓድ ሆኖ ውሃ አቁሯል። ቃበቶ ተንጋዶ በባሕር ዛፍ ግንድ ተደግፏል። አዴ ሩቂያ ቤት ገብቼ ጩኮ አቀረቡልኝ፤ የገብሱ ዱቄት በቅቤ ርሶ ያበራል፣ አንዲት ቁራሽ ግን አልወርድ አለችኝ። ፊታቸውን አዙረውብኛል።

«ሌባ አይቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሌባ ምርቃት አይቀበልም፣ ያፍራል። ምርቃት ተቀብሎ ቃሉን የበላ ሰው ግን እናንተ ግቢ ነው ያየሁት። ብዪ፣ ብዪ፣ ኢንተላ፤ አንቺን አይደለም።»

ኢንተላ ልጄ ማለት ነው። ያኔ ነው ጩኮው የወረደልኝ።

ስወጣ እስከ መንገዱ ሸኙኝና፣ «ለአለቃሽ እንዲህ በዪው» አሉኝ። «እምቢ ካለ ብቻውን አያቁመው። ሮባ ብቻውን አይቆምም። ሂንተኡ!»

ከዚያ በኋላ አሰላ በመጡ ቁጥር ግቢያችን ይገባሉ። እንዳይገቡ ለአብደላ ተነግሮት ነበር፤ አብደላ በሩን ከፍቶ ዞር ይላል፣ ኃላፊያችን በጓሮ በር ይወጣል። አዴ ሩቂያ ማንንም አያናግሩም። ድንጋዩን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉትና አጠገቡ ይቆማሉ። ትከሻቸውን ከትከሻው አስነክተው፣ ፊታቸውን እሱ ወደሚያይበት አዙረው፣ ቀጥ ብለው። የሰማንያ ዓመት ሴት፣ እግራቸው አብጦ። መጀመሪያ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ አባታቸው ብቻውን እንዳይቆም የቃበቶን ቦታ ይዘው ነው።

አንድ ቀን እንዲህ እንደቆሙ ዝናቡ ወረደ። ከቢሮ ሮጬ ወጥቼ ጃንጥላዬን ዘረጋሁላቸው። ጃንጥላው አበባ አበባ ያለበት፣ አንድ ዘንጉ የተሰበረ ነው። ቀና ብለው አዩትና ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቁ።

«ያንቺ ሲንቄ ይቺ ናት?»

«ምን ላድርግ፣ እናቴ ያስያዘችኝ የለም» አልኳቸው።

«ምን አለበት፣ ሴትዮዋ ናት እንጂ እንጨቱማ እንጨት ነው» አሉ። ዝናቡ እስኪያባራ ሦስታችን ቆምን፣ እሳቸው፣ እኔና ሮባ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ጉዳዩ ተዘጋ ባለ በሳምንቱ ኃላፊያችን ስብሰባ ላይ እያለ አንድ አይሱዙ ግቢ ገባ። ሾፌሩ ተሾመ ነው። ከጋቢናው የወረዱት የአዴ ሩቂያ ባል ወንድም፣ የቃበቶ የመጨረሻ ልጅ፣ ሐጂ ቃሲም ናቸው። ጭነቱ ላይ መሀሉ የተሰነጠቀ፣ ሥዕል የሌለው ድንጋይ አለ። የአዴ ሩቂያ አደራ ነው አሉ። ሮባን እምቢ ካላችሁን ቃበቶ ይመጣል፤ ጎን ለጎን ይቁሙ። ይህን ሲናገሩ አልተቆጡም፤ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። አባቱን ከመቃብሩ ነቅሎ ለማያውቀው ቢሮ የሚያስረክብ ሰው ምን ያህል ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው? ያቺ ሜዳ አሁን ሁለት ጉድጓድ አላት። ለእንግዳ ማስጎብኛ ብለን መንደሩን ዕርቁን አስነቅለን አመጣን።

ቆፍረው አቆሙት፣ ትከሻ ለትከሻ። ተሾመ ሲጭንም ሲያወርድም ምንም አልተቀበለም። «ያን ቀን ሊፍት አልነበረም ለካ የፈለጉት» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ኃላፊያችን ሲመለስ ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው! «በስጦታ! አያችሁ፣ የማኅበረሰቡ ግንዛቤ አድጓል ማለት ነው» ብሎ ዞር ዞር እያለ አየው። በማግሥቱ ጠዋት ሁለት የቀን ሠራተኞች ዲጂኖ ይዘው መጡ። ድንጋዮቹ ከመግቢያው በር ግራና ቀኝ ይተከሉ ተብሏል።

ሮጬ ገባሁ። ድንጋዮቹ ለምን ጎን ለጎን እንደቆሙ፣ ማን ማንን እንደገደለ፣ ማን ማንን እንደዳረ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ነገርኩት። ድምፄ ቢሮውን ሞልቶት ነበር።

«አንቺ ደግሞ ስሜታዊ አትሁኚ» አለኝ። «ግራና ቀኝ ሲሆኑ ነው የሚያምረው።»

ጃንጥላዬን ከበሩ ጀርባ አንሥቼ ወጣሁ። ያካፋል። ሠራተኞቹ የሮባን ሥር ሲሚንቶ ለመስበር ዲጂኖውን አንሥተዋል። በእነሱና በድንጋዮቹ መሀል ገብቼ ቆምኩ። ጃንጥላዬን አልዘረጋሁትም፤ ጫፉን መሬት ላይ ተክዬ በሁለት እጄ ያዝኩት። የማስበው አንድ ነገር ነው፤ እኔ የዚህ አገር ልጅ አይደለሁም፣ ይስቁብኛል።

ታናሹ ታላቁን አየው። ታላቁ እኔን አየኝ፣ ጃንጥላውን አየ፣ ከኋላዬ ትከሻ ለትከሻ የቆሙትን አየ። ከዚያ ዲጂኖውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው።

ኃላፊያችን መስኮቱን ከፈተ። «ምን ይገትራችኋል? ሥራችሁን አትሠሩም?»

«አናልፍም» አለው ሠራተኛው። «ሴት ቆማለች።»